የሰርብኛና የሲንድኛ ፊደል እንዴት ተወሰነ

ሰርብኛ በባልካን፣ ሲንድኛ ደግሞ በኢንዱስ ወንዝ የታችኛው ሸለቆ የሚነገሩ ቋንቋዎች ናቸው። ሰርብኛ የሰርቢያ የሥራ ቋንቋ ሲሆን በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ በሞንቴኔግሮና በኮሶቮም ይነገራል፤ ተናጋሪዎቹ በአጠቃላይ 10 ሚሊዮን ገደማ ይገመታሉ። ሲንድኛ በፓኪስታን የሲንድ ክፍለ ሀገር ቋንቋ ነው። በዚያ አገር ብቻ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪዎች አሉት፤ በሕንድም በ2011 በተካሄደው ቆጠራ ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ መሆኑን አስመዝግበዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ቱርክና ኢራን በመካከላቸው ተጋድመው ስላሉ የቤልግሬድ ሰው የካራቺን ሬዲዮ ቢከፍት አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይገባውም። ሆኖም ሁለቱም ሕንድ-አውሮፓ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ዛሬ የሚጻፉበትንም ፊደል ያገኙት በተቀራራቢ ጊዜ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በተለያየ መንገድ ነው። አንዱን አንድ የገበሬ ልጅ ከጳጳሳትና ከመሳፍንት ጋር ግማሽ መቶ ዘመን ተሟግቶ አተረፈው፤ ሌላውን የቅኝ ገዥ ሹማምንት በኮሚቴ ወሰኑት።

ዝምድናቸው መጀመሪያ የሚታየው በቁጥር ነው። ሰርቡ ድቫ፣ ትሪ፣ ቼቲሪ፣ ፔት እያለ ሲቆጥር ሲንዱ ባ፣ ቴ፣ ቻር፣ ፐንጅ ይላል። ሰባት በሰርብኛ ሴዳም፣ በሲንድኛ ሰት ነው፤ ስምንት ኦሳምና አት፣ ዐሥር ደግሞ ዴሴትና ደህ። በመጨረሻው ጥንድ ሰርብኛ ያቆየውን «ስ» ሲንድኛ ወደ «ህ» አላልቶታል። ግሦቹም እንዲሁ ናቸው። መጠጣት በሰርብኛ ፒቲ፣ በሲንድኛ ፒአን ይባላል፤ መስጠት ዳቲና ዲአን፣ ማወቅ ዝናቲና ጃነን። ጭስ በአንደኛው ዲም፣ በሌላው ዱንሆን ነው፤ ወንድም ብራትና ባኡ። የቋንቋ ሊቃውንት የሕንድ-አውሮፓን ቋንቋዎች በጥንታዊው የ«ክ» ድምፅ ዕጣ ለሁለት የሚከፍሉበት የቆየ ልማድ አላቸው። መቶ በላቲን ኬንቱም ሲባል «ክ» እንዳለ ቀርቷል፤ በሰርብኛ ስቶ፣ በሲንድኛ ሶው ሲባል ግን ድምፁ ወደ «ስ» ተለውጧል። በዚህ መስፈርት ሰርብኛ ከጎረቤቱ ከጣሊያንኛ ይልቅ ከሩቁ ሲንድኛ ጋር ይሰለፋል። የሁለቱ ቅድመ አያቶች ግን ቢያንስ ከ4,000 ዓመት በፊት ተለያይተዋል። የአንደኛው ወገን ወደ ደቡብ እስያ ወርዶ ከሳንስክሪት ጋር የሚዛመዱትን ቋንቋዎች አስገኘ፤ የሌላው ወገን በምሥራቅ አውሮፓ ቆይቶ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዘመን ከስላቮች ጋር ወደ ባልካን ገባ።

የሲንድ ስም ራሱ ከዚያ ጥንታዊ ዘመን የተረፈ ነው። ሲንዱ በሳንስክሪት ወንዝ ማለት ሲሆን በተለይ ኢንዱስን ይጠራል። ፋርሶች «ስ»ን ወደ «ህ» ለውጠው ሂንዱ አሉት፤ ግሪኮች ከፋርሶች ተቀብለው ኢንዶስ አደረጉት። አማርኛ «ሕንድ» የሚለው ስምም የዚሁ ወንዝ ስም ነው። በሲንድ ምድር የሚገኘው የሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ የራሱ ጽሕፈት ነበረው፤ ጽሕፈቱ እስካሁን ስላልተፈታ ከዛሬው ሲንድኛ ጋር አያይዞ መናገር አይቻልም። በሲንድ ብሔርተኞች ዘንድ ማያያዙ የተወደደ ቢሆንም ማስረጃ የለውም።

በሰዋስው ሁለቱ ቋንቋዎች ሩቅ ለሩቅ ሄደዋል። ሰርብኛ የጥንቱን የስም እርባታ አጥብቆ ይዟል፤ ሦስት ጾታና ስሙ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ሥራው የሚለዋወጥባቸው ሰባት ሙያዎች አሉት። ቤልግሬድ ቤኦግራድ ይባላል፤ «በቤልግሬድ» ለማለት ኡ ቤኦግራዱ፣ «ከቤልግሬድ» ለማለት ኢዝ ቤኦግራዳ ያስፈልጋል። ሲንድኛ ከዚህ እርባታ ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ አስቀርቷል። ጾታው ሁለት ነው፤ የቦታንና የአቅጣጫን ነገር ከስም በኋላ በሚከተሉ ትንንሽ ቃላት ይገልጻል፣ ግሡንም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሲንድ ሜን» ሲል «ሲንድ ውስጥ» ማለቱ ስለሆነ የቃሉ አቀማመጥ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለ። ሲንድኛ ባለቤቱንና ተሳቢውን በቅጥያ ከግሡ ጋር ያያይዛል፤ ቸዮማንስ የሚለው አንድ ቃል «ነገርኩት» ማለት ነው፣ «እኔ»ም «እሱን»ም በውስጡ አለ። ለሰርብ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ረጅም ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ምሳሌው ብቻ ይበቃዋል። ኃላፊ ጊዜ ላይ ደግሞ ሲንድኛ ሁለቱንም ያስቸግራል፤ «ልጁ መጽሐፉን አነበበ» ሲባል ግሡ የሚስማማው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ ጋር ነው።

የድምፅ ነገር በኋላ ለፊደሉ ጉዳይ ስለሚያስፈልግ ትንሽ መዘርዘር ይገባዋል። ሰርብኛ አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን በርዝመትና በድምፅ ከፍታ የሚለያዩ አራት ዓይነት አጽንዖቶች አሉት። ተነባቢ መደራረብ አይከብደውም። ደም ክርቭ፣ ጣት ፕርስት፣ ገበያ ትርግ ሲባል አንድም አናባቢ የለበትም፤ «ር» ራሷ የአናባቢን ሥራ ትሠራለች። ሲንድኛ በተቃራኒው ቃላቱን ሁሉ፣ ደካማም ቢሆን፣ በአናባቢ ይዘጋል። የሚታወቅበት ግን አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ በሚነገሩ አራት ድምፆቹ ነው፤ እነዚህ ከተለመዱት «ብ»፣ «ድ»፣ «ጅ» እና «ግ» ጎን ለጎን የሚሄዱና የቃል ትርጉም የሚለውጡ ናቸው። የአማርኛ «ጥ»፣ «ቅ» እና «ጭ» አየርን ከተዘጋ ጉሮሮ ወደ ውጭ ሲገፉ የሲንዱ ድምፆች ደግሞ ወደ ውስጥ ይስቡታል። ከላይ የተጠቀሱት ባ፣ ደህ፣ ዲአንና ጃነን ሁሉ የሚጀምሩት በእነዚህ ድምፆች ነው። በዚህ ላይ ትንፋሽ የሚከተላቸውና ምላስ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ የሚነገሩ ብዙ ተነባቢዎች ሲጨመሩ ሲንድኛን በተዋሰው ፊደል መጻፍ ለምን እንዳስቸገረ ግልጽ ይሆናል።

ሁለቱ ቋንቋዎች ያለፉበት የታሪክ መንገድ በመዝገበ ቃላቸው ላይ ተመሳሳይ አሻራ ትቷል። ሰርቢያን ኦቶማኖች ለበርካታ መቶ ዓመታት ገዝተዋታል፤ ሲንድ ውስጥ ደግሞ እንግሊዞች እስኪመጡ ድረስ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። ስለዚህ ሱቅ በሰርብኛ ዱቻን፣ በሲንድኛ ዱካን ነው፤ ጠላት ዱሽማኒንና ዱሽመን፣ ስኳር ሼቼርና ሸከር። የመጀመሪያው ከዐረብኛ፣ ሁለተኛው ከፋርስኛ የተነሣ ሲሆን ወደ ባልካን ያደረሳቸው ቱርክኛ ነው። የስኳር ስም ግን መነሻው ሳንስክሪት ስለሆነ ሰርቡ ከሲንዱ ጎረቤት ተነሥቶ በኢስታንቡል በኩል የደረሰ ቃል ይጠቀማል። አማርኛም ይህንኑ ቃል በዐረብኛ በኩል ወስዶታል።

የሰርቦች ጽሕፈት ከቤተ ክርስቲያን ይጀምራል። ቄርሎስና መቶድዮስ የተባሉ የተሰሎንቄ ወንድማማቾች በ863 ለስላቮች ሊያስተምሩ ወደ ሞራቪያ ሲላኩ ግላጎሊቲክ የሚባለውን ፊደል ይዘው ሄዱ። በቄርሎስ ስም የሚጠራው ሲሪሊክ ግን በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በቡልጋሪያ ከግሪክ ፊደል የተቀረጸ ሲሆን የደቀ መዛሙርቱ ትውልድ ሥራ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለልዑል ሚሮስላቭ የተጻፈው ወንጌል በዚሁ ፊደል ከተጻፉት የሰርብ ብራናዎች ዋነኛው ነው፤ ዛሬ ቤልግሬድ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል፣ ዩኔስኮም በ2005 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ አስፍሮታል። ንጉሠ ነገሥት ዱሻን በ1349 ያወጀው ሕግም በሲሪሊክ የተጻፈ ነው።

የሰርብ መንግሥት በ1459 በስሜዴሬቮ መውደቅ ካበቃ በኋላ ጽሕፈትን ያቆዩት ገዳማት ናቸው። በ1690 ፓትርያርክ አርሴኒዬ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ ከኦቶማን ግዛት ወደ ሃብስበርግ ግዛት ተሰደደ። በዚያ የሰፈሩት ሰርቦች ወደ ካቶሊክነት እንዳይሳቡ ፈርተው ከኦርቶዶክሷ ሩሲያ መምህርና መጽሐፍ ጠየቁ። በ1726 ማክሲም ሱቮሮቭ የተባለ ሩሲያዊ መምህር በስሬምስኪ ካርሎቭሲ ትምህርት ቤት ከፈተ። መጻሕፍቱ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ስላቭኛን ይዘው ስለመጡ የተማረው ሰው ሩሲያኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋና የአገር ንግግር የተቀላቀለበት «ስላቮ-ሰርብኛ» የሚባል ነገር መጻፍ ጀመረ። ሰዋስው የሌለው ድብልቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየመልኩ ያጣፍጠው ነበር። ገበሬው ደግሞ አይገባውም።

ቩክ ስቴፋኖቪች ካራጂች በ1787 በምዕራብ ሰርቢያ በትርሺች መንደር የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላለቁ ጠንቋዮች እንዳይደፍሩት «ተኩላ» ማለት የሆነውን ቩክ የሚለውን ስም አወጡለት። ፊደል የቆጠረው ከዘመዱ ነው፤ ቀለም ባይኖር ባሩድ በውኃ በጥብጦ ይጽፍ ነበር። በ1804 በኦቶማኖች ላይ በተነሣው አመፅ ውስጥ በጸሐፊነት አገለገለ። በዚያው ዘመን ታምሞ አንድ እግሩ ስለሰነከለ ዕድሜውን በምርኩዝ ኖሯል። አመፁ በ1813 ሲደመሰስ ወደ ቪየና ሸሸ፤ እዚያም የስላቭ መጻሕፍትን የሚመረምረው የኢምፓየሩ ሳንሱር ሹም፣ ስሎቬናዊው የርኔይ ኮፒታር፣ ጽሑፉን አይቶ ፈለገው። ሳንሱር ለጸሐፊ ጥቅም የሰጠበት ጊዜ ብርቅ ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ቩክ በ1814 የሕዝብ ዘፈን ስብስብና ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ፣ በ1818 ደግሞ 26,270 ቃላት ከጀርመንኛና ከላቲን ፍቺ ጋር የያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቃላቱ ከገበሬና ከእረኛ አፍ የተለቀሙ ስለነበሩ ብልግና ቃላትም አልቀሩም፤ ይህም ለተቃዋሚዎቹ የመጀመሪያውን ጥይት ሰጣቸው። ዋናው ነገር ግን አጻጻፉ ነበር። ሳቫ ምርካልይ የተባለ ምሁር በ1810 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ ይኑር ብሎ ነበር፤ ነቀፋው አዋክቦት አእምሮውን ታሞ ቪየና ውስጥ ሞተ። ቩክ ይህንኑ ሐሳብ ተቀብሎ ዳር አደረሰው። በንግግር የማይሰሙትን የቤተ ክርስቲያን ፊደላት አወጣቸው፤ ፊደል ላልነበራቸው ስድስት ድምፆች ከድሮ ጽሑፍና ከሌሎች ምንጮች ፊደላት አስገባ። ውጤቱ 30 ፊደላት ለ30 ድምፆች ሆነ። አማርኛ ጸሐፊዎች «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ይቀነሱ አይቀነሱ እያሉ ሲከራከሩበት የኖሩትን ጥያቄ ሰርቦች በዚህ መንገድ ቆርጠው ጣሉት።

ቆረጣው ያለ ደም አልሆነም። ቩክ ለ«ይ» ድምፅ የወሰደው ፊደል ከላቲን የመጣ ነበርና ሜትሮፖሊታን ስቴፋን ስትራቲሚሮቪችና ካህናቱ ነገሩን የካቶሊኮች ሴራ አደረጉት። በሃብስበርግ ግዛት ይህ ክስ ቀላል አልነበረም፤ የአንዲት ፊደል ቅርጽ የሃይማኖት መለያ ነበር። ተቃውሞው ስለበረታበት ቩክ ሁለተኛውን የዘፈን ስብስብ በ1823 ማሳተም የጀመረው በላይፕሲግ ነው። ልዑል ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ራሱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሲሆን በ1832 አዲሱን አጻጻፍ በግዛቱ ውስጥ ከለከለ። ውጭ ግን ያኮብ ግሪም የቩክን ሰዋስው በ1824 በጀርመንኛ አወጣው፤ ጎተም ዘፈኖቹን አደነቀ። ክርክሩን ያሸነፈው በመጻሕፍት ነው። በ1847 የቩክ የሐዲስ ኪዳን ትርጉም፣ የብራንኮ ራዲቼቪች ግጥሞችና የጁሮ ዳኒቺች ለአዲሱ አጻጻፍ የቆመ ክርክር በአንድ ዓመት ወጡ። በ1850 ሰርቦችና ክሮኤቶች ቪየና ላይ ተሰብስበው አንድ ዘዬ የጋራ የጽሕፈት ቋንቋ እንዲሆን ተስማሙ። ቩክ በ1864 ሞተ፤ ሰርቢያ አጻጻፉን ሙሉ በሙሉ የፈቀደችው ግን በ1868፣ መዝገበ ቃላቱ በወጣ በ50ኛው ዓመት ነው።

ሰርብኛ ዛሬ ከሲሪሊክ ጎን ለጎን የሚጻፍበት ላቲን ግን በሌላ በር ገባ። ክሮኤቱ ሉዴቪት ጋይ በ1830 ከቼክ አጻጻፍ የተዋሳቸውን ምልክት ያላቸው ፊደላት ለክሮኤቶች አቀረበ። በኋላ ይህ ላቲን ከቩክ ሲሪሊክ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም ስለተደረገ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ቃል በቃል የሚሠራ ጉዳይ ሆነ።

ሲንድ ውስጥ የነበረው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፊደል ሞልቶ ተርፎ አንድ የሚሆን ጠፋ። በ11ኛው መቶ ዘመን አል ቢሩኒ በሲንድና አካባቢው ሦስት ዓይነት ጽሕፈት እንዳለ መዝግቧል። ዐረቦች በ711 ደርሰው አገሩን ከያዙ በኋላ የዐረብኛ ፊደል ገባ፤ ሙስሊም ሊቃውንት በነጥብ ብዛት እያሻሻሉ ሲንድኛን ይጽፉበት ነበር፣ ነጥቡን ግን ሁሉም በየራሱ ያኖረው ነበር። የሂንዱ ነጋዴዎች ለመዝገባቸው ኩዳባዲ የሚባል ፈጣን ጽሕፈት ነበራቸው፤ አናባቢ ስለማይጽፍ ከጸሐፊው ሌላ የሚያነበው ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። የእስማኤላውያን ኮጃዎች ለሃይማኖት መዝሙራቸው ኮጅኪ የሚባለውን፣ ሌሎች ሂንዱዎች ጉርሙኪን ወይም ደቫናጋሪን ይጠቀሙ ነበር። ሹመት የሚያሰጠው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ የመንግሥት ጽሕፈት ፋርስኛ ነበር። ታላቁ ገጣሚ ሻህ አብዱል ላቲፍ ቢታይ (1689–1752) ሲንድኛን ከፍ ያደረገው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ግጥሞቹን ፈቂሮች በዜማ እየያዙ ካቆዩ በኋላ ሻህ ጆ ሪሳሎ የተባለው ስብስብ መጀመሪያ የታተመው በ1866፣ እንደ ቩክ ዘፈኖች በላይፕሲግ ነው፤ አሳታሚው ኤርንስት ትሩምፕ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን በ1872 ደግሞ ትልቅ የሲንድኛ ሰዋስው አወጣ።

እንግሊዞች ሲንድን የያዙት በ1843 ነው። ጄኔራል ቻርልስ ኔፒየር በየካቲት ሚያኒ ላይ፣ በመጋቢት ዱቦ ላይ የታልፑር መኳንንትን ጦር ድል አደረገ። ዱቦ ላይ ከወደቁት አዛዦች አንዱ ሆሹ ሺዲ ነበር። ሺዲዎች በባሪያ ንግድና በባሕር ጉዞ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሲንድ የደረሱ ሕዝቦች ዘሮች ናቸው፤ በአካባቢው «ሐበሺ» የሚል ስያሜም ይሰጣቸዋል፣ ቋንቋቸውም ሲንድኛ ሆኗል። በሲንዶች ዘንድ ለሆሹ የሚነገርለት መፈክር «እንሞታለን እንጂ ሲንድን አንሰጥም» የሚል ነው። የዚህ መፈክር ሁለቱ ግሦች፣ መሞትና መስጠት፣ ከሰርብኛ ግሦች ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ አሉታውም ቢሆን በሲንድኛ ና፣ በሰርብኛ ኔ ነው።

አዲሶቹ ገዥዎች ግብር ለመሰብሰብና ለመዳኘት የሕዝቡን ቋንቋ ማወቅ ነበረባቸው። ፋርስኛን ትተው ሲንድኛን የመንግሥት ቋንቋ ለማድረግ ሲወስኑ ወዲያው በየትኛው ፊደል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ካፒቴን ጆርጅ ስታክ በ1849 ባወጣቸው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደቫናጋሪን ተጠቀመ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ሕንዳዊ ፊደል ለትንፋሽ ድምፆችና ለተጠቀለለ ምላስ የራሱ ምልክት አለው፣ አናባቢም አይዘልም። ሪቻርድ በርተን ተቃወመው። በርተን በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባውና ጉዞውን በመጽሐፍ የጻፈው ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት በሲንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። የእሱ ወገን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ይል ነበር። ኮሚሽነሩ ባርትል ፍሬር ወደዚሁ አዘነበለ፤ የመጨረሻው ውሳኔ የመጣው ግን ለንደን ከሚገኘው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዲሬክተሮች ነው። በፋርስኛ ጽሕፈት ቤት ያደጉት የሂንዱ ሹማምንትም፣ አሚል የሚባሉት፣ የዐረብኛውን ፊደል ስለለመዱት አልጠሉትም።

በ1853 በባሮው ኤሊስ የሚመራ የሂንዱና የሙስሊም ምሁራን ኮሚቴ 52 ፊደላት ያሉትን ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ በአንድ በኩል የሚያስመሰግን ነው። ወደ ውስጥ ለሚሳቡት አራት ድምፆች በነጥብ የተለዩ አራት ፊደላት ተሰጡ፤ ትንፋሽ ለሚከተላቸው ድምፆችም ኡርዱ ሁለት ፊደል በሚደራርብበት ቦታ ሲንድኛ በአብዛኛው አንድ ፊደል ሰጠ። በሌላ በኩል ኮሚቴው ከዐረብኛ የመጡትን ፊደላት አንድም አልቀነሰም። ሲንዱ ዐረብኛን እንደ ዐረብ ስለማይጠራ «ዝ» በአራት ፊደል፣ «ስ» በሦስት፣ «ህ» እና «ት» በሁለት በሁለት ይጻፋሉ፤ የቁርዓን ቃላት መልካቸውን እንዳይለቁ ሲባል ነው። አማርኛ ከግዕዝ የወረሳቸውን ሞክሼ ፊደላት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። አጫጭር አናባቢዎች ግን በአብዛኛው ሳይጻፉ ይቀራሉ፤ እያንዳንዱ ቃል በአናባቢ ለሚያልቅበት ቋንቋ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቩክ ቤተ ክርስቲያን ያከበረቻቸውን ፊደላት ሲያወጣ የሲንድ ኮሚቴ መስጊድ ያከበራቸውን ሁሉ አቆየ፤ ቩክ ከሊቃውንት ተጣልቶ አሸነፈ፣ ኮሚቴው ደግሞ ማንንም ሳያስቀይም ጨረሰ።

ሰርቢያ የቩክን አጻጻፍ በፈቀደችበት በ1868 መንግሥት ኩዳባዲን አናባቢ ጨምሮ ለሂንዱዎች ትምህርት ቤት አስተካከለው። ብዙ አልሄደም፤ ሥራ የሚያስገኘው የዐረብኛው ፊደል ስለነበር ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚያው ላኩ። በዚህ ምክንያት ለመቶ ዓመት ያህል ሂንዱውም ሙስሊሙም ሲንድኛን በአንድ ፊደል ጻፈ፣ ጋዜጣውንም በአንድ ፊደል አነበበ። ሰርቦችና ክሮኤቶች ያላገኙት ዕድል ነው።

ዕድሉን የሰበረው የ1947ቱ የሕንድና የፓኪስታን ክፍፍል ነው። ሲንድ በሙሉ ለፓኪስታን ስለደረሰ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ሂንዱ ሲንዶች ወደ ሕንድ ተሰደው በሙምባይ አጠገብ በኡልሃስናጋር፣ በካች ውስጥ በጋንዲዳምና በሌሎች ከተሞች ሰፈሩ። ፑንጃብና ቤንጋል ተከፍለው በሕንድ በኩል የራሳቸው ክልል ሲኖራቸው ሲንዶች ግን አንድም ክልል አልነበራቸውም። ሕንድ ውስጥ ሲንድኛ በደቫናጋሪ ይጻፍ የሚሉና የዐረብኛው ይቆይ የሚሉ ወገኖች ተነሡ፤ የ1853ቱ ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ በስደተኛ ሰፈር እንደገና ተከፈተ። መንግሥት በመጨረሻ ሁለቱንም ፈቀደ። ሲንድኛ ሚያዝያ 10 ቀን 1967 በሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ክልል የሌለው ቋንቋ ግን ትምህርት ቤት የሚከፍትለት አያገኝም፣ ብዙ የሕንድ ሲንዶች ወጣቶች ዛሬ በሁለቱም ፊደል አያነቡም። በፓኪስታን ፊደሉ አልተነካም፤ የተነካው የቋንቋው ቦታ ነበር። ከሕንድ የመጡ ኡርዱ ተናጋሪዎች ካራቺን ሞሉ። በሐምሌ 1972 የሲንድ ምክር ቤት ሲንድኛን የሚያጠናክር ሕግ ሲያጸድቅ ከተማዪቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ብጥብጥ ተነሣ።

ባልካን ውስጥም ፊደል የጦር ዒላማ ሆኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርቢያን የያዘችው ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሲሪሊክን አገደች፤ በ1941 በናዚዎች ድጋፍ የተቋቋመው የክሮኤሽያ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያወጣው አንዱ አዋጅ ሲሪሊክን የሚከለክል ነበር። በዩጎዝላቪያ በ1954 የተደረገው የኖቪ ሳድ ስምምነት ሁለቱን ፊደላት እኩል አደረገ። በዚያ ዘመን ለትምህርት የሄዱት ኢትዮጵያውያን የተማሩት ቋንቋ «ሰርቦ-ክሮኤሽያኛ» ይባል ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1990ዎቹ ሲፈርስ ስሙም ፈረሰ፤ የሚግባቡት አራት መንግሥታት ለአንዱ ንግግር አራት የቋንቋ ስም አወጡለት። የ2006ቱ የሰርቢያ ሕገ መንግሥት ሲሪሊክን ይፋዊ ፊደል አደረገ፤ በ2021 ለጥበቃው የተለየ ሕግ ወጣለት። ሰርቦች በስልካቸውና በሱቃቸው ሰሌዳ ላይ ግን ላቲኑን እንደልባቸው ይጠቀማሉ።

ፊደሎቹን በጥራታቸው ብቻ ለሚመዝን ሰው የቩክ ሥራ ይበልጣል። የሰርብ ልጅ 30ውን ፊደላት ካወቀ ያላየውን ቃል በትክክል ያነባል፤ የሲንድ ልጅ 52ቱን አውቆም አጫጭሮቹን አናባቢዎች ከልምድ መሙላት አለበት። የቋንቋዎቹን ዕጣ የወሰነው ግን ይህ ጥራት አልነበረም። ሰርብኛ ከኋላው የራሱ መንግሥት ስለነበረው በሁለት ፊደል ሲጻፍ አልተጎዳም፤ ሲንድኛ በሕንድ ሁለት ፊደል ተፈቅዶለት መንግሥት ስላጣ ይዳከማል። ይህ በገንዘብ ኖቶች ላይ ሳይቀር ይታያል። በሰርቢያ የ10 ዲናር ኖት ላይ ያለው የቩክ ካራጂች ምስል ነው፣ ጽሑፉም በሲሪሊክና በላቲን ነው። በፓኪስታን ኖት ላይ ያሉት ኡርዱና እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፤ የሕንድ ሩፒ ዋጋውን በ15 ቋንቋዎች በሚዘረዝርበት ሰሌዳ ላይ ሲንድኛ የለም።